የአያቴ አልጋና ዜሮ ነጥብ ሦስት

ባለፈው ወር ከባሕር ዳር ወደ ደብረ ታቦር ስወጣ ሐሙሲት ላይ ጎማዬ ተነፈሰ። የገበያ ቀን ነበርና ጎሚስታው ደጃፍ ተራ የሚጠብቀው ሰው፣ በጉንና ዶሮውን ሳንቆጥር፣ ለብቻው አንድ ወረዳ ያቆማል። መኪናዬ ከእኔ እኩል ያረጀች ስለሆነች ጎማዋ ዛሬም ከመነዳሪ አለው። ወጣቱ ጎሚስታ ከመነዳሪውን ስቦ አወጣ፣ ነፋው፣ ገንዳ ውስጥ እየነከረ አረፋ ይፈልግ ጀመር። እኔም ጎንበስ ብዬ አሸተትሁት።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋብዎት?» አለኝ ልጁ።

«ምንም አልጠፋብኝ። እያሸተትሁ ነው።»

«ከመነዳሪ?»

«አንተ ሳትወለድ እኔ በዚህ ነገር ላይ እየነጠርሁ አየር ላይ ሁለት ጊዜ እገለበጥ ነበር።»

ሆዴን አየ። ፊቴን አየና እንደገና ሆዴን አየ። ከዚያ ወደ አረፋው ተመለሰ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ አልነበረም፤ አንድ ጊዜ ነው። ግን ለሐሙሲት ሰው አንድ ጊዜ ብሎ ማውራት የደብረ ታቦርን ስም ማሳነስ ነው።

ሰባተኛ ክፍል ነበርሁ። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤታችን ከናዝሬት አዲስ የስፖርት መምህር መጣለት፤ ሳሙኤል ይባላል። አንቱ እንዳንለው ጢም የለውም፣ አንተ እንዳንለው ፊሽካ አለው፤ ስለዚህ «ቲቸር» አልነውና ተገላገልን። የጉናን ብርድ አልቻለውም። ሦስት ሹራብ ደርቦ ስለሚመጣ ክንዱ አይነሣም፤ «እጅ ወደ ላይ!» ሲለን እሱ በአገጩ ነበር የሚያሳየን።

ቲቸር ኮርስ ሄዶ በእጁ የገለበጠው የጂምናስቲክ ሕግ ደብተር ነበረው። መሬት ላይ መገለባበጡን ወዲያው አስጀመረን፤ ማዳበሪያ ውስጥ ጭድ አጭቀን በረድፍ ደረደርንና በላዩ እንደ ጋሪ ጎማ ተሽከረከርን፣ ተጠቀለልን፤ አንገቱ የተጣመመበትም ነበር። ልቡ ያለው ግን ደብተሩ መሐል የተሣለው ነገር ላይ ነው፤ ትራምፖሊን። ሰው የሚነጥርበት የተወጠረ ሸራ። እንግዲህ በዚያ ዘመን ደብረ ታቦር ውስጥ የተወጠረ ነገር ቢፈለግ ከበሮና የጠፍር አልጋ ነው። ከበሮውን ቤተ ክርስቲያን አይሰጥም። አልጋ ቀረ።

አልጋው የአያቴ ነበር። አያቴ መሪጌታ ልሳነ ወርቅ የአቋቋም መምህር ናቸው፤ ካህናት መቋሚያ ተደግፈው፣ ጸናጽል ይዘው፣ እየዘመሙ የሚዘምሩትን ያስተምራሉ። እግር በዜማ፣ እጅ በዜማ፣ አንገት በዜማ። ተማሪ የጣት ግማሽ ያህል ቀድሞ ከዘመመ አያቴ ዓይናቸውን ጨፍነውም ያውቁታል። «ተመለስ» ይላሉ። ተመለስ ማለት ከመጀመሪያው ማለት ነው። አንድ የእስቴ ተማሪ በአንድ ክረምት ተመለስ የተባለውን ያህል በእግሩ ቢሄድበት ኖሮ እናቱን ጠይቆ ይመጣ ነበር።

ቲቸር አንድ ማታ ቤታችን መጣ። እናቴ ጠላ ቀዳችለት፤ ሹራቦቹ ክንዱን ስለማያሳጥፉት ብርጭቆውን በሁለት እጁ ይዞ ጎንበስ እያለ ጠጣ።

«መሪጌታ፣ የጠፍር አልጋ አለዎት ሲሉ ሰማሁ።»

«አለኝ። እኔ መደብ ላይ ነው የምተኛ። ምን ታደርግበታለህ?»

«ልጆች ይዘሉበታል።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ያዘችው። አያቴ ግን አልሳቁም። አሰቡና ጠየቁ፦ «ሲዘሉ ይሳሳታሉ?»

«በጣም እንጂ።»

«ስሕተቱን የሚቆጥር አለ?»

«አምስት ዳኛ ያስፈልጋል። እስካሁን ሁለት መምህራን ናቸው እሺ ያሉኝ።»

«እንግዲያማ» አሉ አያቴ፣ «አልጋውንም እኔንም ውሰድ።»

አራተኛው ዳኛ የከተማችን ጎሚስታ አያ ደሴ ሆነ። የአሮጌ ከባድ መኪና ከመነዳሪ ሰጠን፤ እሱኑ በረጅሙ ቀደን፣ ጠፍሩን ከአልጋው ፈተን፣ ጎማውን በምትኩ ሸመንነው። ቲቸር መሐሉ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፋበት። ዙሪያውን የጭድ ማዳበሪያ ከመርን። ፀሐይ ሲመታው አልጋው የሚሸተው ሽታ፣ ይኸው ሐሙሲት ድረስ ተከትሎኛል። አምስተኛዋ ዳኛ ከትምህርት ቤቱ አጥር አጠገብ ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ አበቡ ናቸው። ወንበር ስለሚያውሱን ዳኛ አይሆኑም ማለት አልተቻለም።

መጀመሪያ የወጣሁበት ቀን ከመነዳሪው ወደ ሰማይ ላከኝ። የትምህርት ቤቱን ቆርቆሮ ከላይ አየሁት። ሁለተኛው ላይ ቁራ አጠገቤ አለፈ፤ ሰላም የተባባልን ይመስለኛል።

ሕጉ እንዲህ ነው። «ስትጀምሩ ሁላችሁም አሥር ነጥብ አላችሁ» አለን ቲቸር። ይህን በጣም ወደድሁት። ሒሳብ ላይ የምጀምረው ከዜሮ ነበር፤ ብዙ ጊዜም እዚያው ነው የምጨርሰው። «ከዚያ በኋላ የምታባክኑት እናንተው ናችሁ።» ጉልበት ከታጠፈ ነጥብ አንድ ወይም ነጥብ ሁለት ይቀነሳል፤ እግርና እግር ከተለያየም እንደዚያው። ከቀዩ ጨርቅ ከራቅህ ይቀነሳል። ዝላዩ አሥር ነው፤ አንዱን ሁለቴ ከሠራህ ሁለተኛው እንዳልተሠራ ነው። እጅህ ወይም ጉልበትህ አልጋውን ከነካ ጨዋታው እዚያው ላይ ይቆረጣል፤ ስድስት ዘለህ ሰባተኛው ላይ ከወደቅህ የስድስት ሰው ነህ፣ ሂድ ከዚህ። አሥሩን ብትጨርስም አልጨረስህም፤ ሦስት ሰከንድ ቀጥ ብለህ መቆም አለብህ። ጎማ ላይ! በጋማው ተይዞ በሚዘል በቅሎ ላይ ቆሞ መርፌ ውስጥ ክር እንደማስገባት ነው።

አንድ ሌላም ነበር። ጨዋታው ሳያልቅ የልጁ የራሱ ሰው ቢያናግረው ወይም ምልክት ቢሰጠው ከድምሩ ዜሮ ነጥብ ሦስት ይነሣል። ይህን ቲቸር አንብቦ አለፈው፤ እኛም አለፍነው። አያቴ ብቻ «እስቲ እሱን ድገመው» አሉት።

ዳኞቹ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ አበቡ ባዋሱት አግዳሚ ላይ ይሰለፉና ነጥባቸውን በጠመኔ በትንሽ ሰሌዳ ጽፈው ያነሣሉ። ቲቸር አምስቱን ይመዘግባል። ከዚያ ትልቁንና ትንሹን በቀይ እስክሪብቶ ሰርዞ የመሐሉን ሦስት ይደምራል። ትልቁ ሁልጊዜ የእትዬ አበቡ ነው፤ ለሁሉም አሥር ነው የሚሰጡት። «እትዬ፣ ልጁኮ ወድቋል» ሲባሉ «ተነሥቶ የለም እንዴ?» ይላሉ። ትንሹ ሁልጊዜ የአያቴ ነው።

ቀይ እስክሪብቶ ለተማሪ ትርጉሙ አንድ ነው፤ ተሳስተሃል ማለት ነው። ስለዚህ አያቴ በየሳምንቱ በሰው ፊት ይወድቃሉ ብዬ አመንሁ። ሽማግሌ ሰው፣ ጥምጣም አድርገው፣ ያልገባቸው ፈተና ላይ ተቀምጠው። ቅዳሜ ማታ እናቴን «አባባ ዛሬም ተሰረዙ» እላታለሁ። «ዝም በል፣ እንዳይሰሙህ» ትለኛለች በሹክሹክታ። እሷም አምና ነበር መሰለኝ፣ ቅዳሜ ማታ ወጣቸው ላይ ቅቤ ታበዛላቸው ነበር።

የተቀነሰው ነጥብ የት እንደሚሄድም አሳስቦኝ ነበር። አሥር ተሰጥቶኝ ሰባት ይዤ ከወረድሁ ሦስቱን የወሰደ ሰው አለ። ከአምስቱ ዳኞች አብዝተው የሚወስዱ አያቴ ናቸው፤ ከአምስቱ ጥምጣም ያላቸውም እሳቸው ብቻ ናቸው። አንድ ቀን ሲተኙ ጥምጣሙን ፈትቼ ፈተሽሁት። ጫፉ ላይ ከቤተ ክርስቲያን አምጥተው የቋጠሩት እምነት ነው ያገኘሁ።

ከሁላችን የምትበልጠው ብርቱካን ነበረች። እናቷ ከጉና ሥር ድንች እያመጡ ገበያ የሚሸጡ ሴት ናቸው። ብርቱካን አየር ላይ ስትወጣ እግሯ እንደ መቋሚያ ቀጥ ይላል። አያቴ ለማንም ያልሰጡትን ዘጠኝ አንድ ቀን ሰጧት፤ «ይቺ ልጅ እግሯ ይሰማል» አሉ። የኔ እግር አይሰማም ማለታቸው ነው እንግዲህ። ያን ማታ ራቴን አኩርፌ ነበር፤ ትንሽ ቆይቼ በላሁ።

ታኅሣሥ ላይ የሆነውን ግን መናገር አለብኝ፤ ሁሉም የመጣው ከዚያ ነውና። ብርቱካን ስምንተኛው ዝላይ ላይ ከቀዩ ጨርቅ ራቀች፣ ልትወድቅ ተንገዳገደች። አጥሩ ጋ ቅርጫታቸውን አስቀምጠው ያዩ የነበሩት እናቷ «እኔን! እኔን ይድፋኝ!» ብለው ጮኹ። ልጅቱ ሚዛኗን ያዘች፣ አሥሩንም ጨረሰች። ቲቸር ሊደምር ሲል አያቴ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ሴትየዋ የልጅቱ ሰው ናት?»

«እናቷ ናቸው፣ መሪጌታ።»

«እንግዲያ ከድምሩ ዜሮ ነጥብ ሦስት ቀንስ።»

እናቷ አጥሩን አልፈው መጡ። «ሰው ልጁ ሊወድቅበት ሲል እኔን ካላለ ምን ይበል?»

«በልብሽ በዪው።»

«በልቤ! ልብ አፍ አለው?»

«እግዜር ይሰማዋል። ሕጉ የሚቀጣው አፍ ያለውን ነው።»

እናቷ ቅርጫታቸውን አነሡ። «ግድ የለም፣ መሪጌታ። አንቱም ልጅ አለዎት። እሱም አልጋዋ ላይ ይወጣል። አያለሁ።»

ብርቱካን ያን ቀን ሁለተኛ ወጣች። አንደኛ የወጣው ማን እንደሆነ መናገር ደስ አይለኝም፤ ግን እኔ ነኝ።

በዚያው ሳምንት ቲቸር ወሬ ይዞ መጣ። ባሕር ዳር ውድድር አለ፤ ከትምህርት ቤታችን አንድ ልጅ ብቻ ይሄዳል። ጥር ሲያልቅ ተወዳድረን የሚበልጠው እሱ ነው። እኔ ጣናን አይቼ አላውቅም። ከአንበሳሜ ወዲያ ያለው ዓለም ለእኔ ወሬ ነበር። የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ባሕር ጨዋማ ነው ስለሚል፣ የባሕር ዳርም ባሕር ጨዋማ ነው ብዬ ከግማሽ ክፍሉ ጋር ተወራርጄአለሁ። ማስረጃውን በጠርሙስ አመጣለሁ ብዬ ለአሥራ ሰባት ልጆች ቃል ገባሁ። ሦስቱ ጠርሙሱን ጭምር ሰጥተውኛል።

«አንዳርጌ» ትለኛለች ብርቱካን ጠርሙሶቹን ስታይ፣ «ይልቅ አረቄ ሙላባቸው፤ ስትሸነፍ ይጠቅምሃል።»

«አንቺ ድንችሽን ላጪ።»

«እልጣለሁ። እሱንም ጉልበቴን ሳላጥፍ ነው የምልጥ።»

ያን ወር አልጋው ላይ አደርሁ ብል ይቀለኛል። ዝላዩ ተስተካከለ። ያቃተኝ የመጨረሻው ሦስት ሰከንድ ነው። ቆሜ መቅረት አልችልም፤ ጎማው ሲንቀጠቀጥ እኔም እስቃለሁ፣ አፍንጫዬን አካለሁ፣ የሚያልፍ ሰው ሰላም እላለሁ። ለአያቴ ነገርኋቸው። በሚሰረዝ ሰው መመከሬ ትንሽ ቢያሳፍረኝም ሌላ ማን አለኝ?

«በልብህ ሦስት ጊዜ እግዚኦ በል» አሉኝ። «ሳትቸኩል። ሦስተኛውን ሳትጨርስ የምድር ነገር አይመለከትህም።»

ሠራ። እናቴ ውኃ አምጣ ብላ ስትጠራኝም ሦስት እግዚኦ ሳልጨርስ አልነቃነቅም ስላልሁ በኩርኩም ጨረሰችልኝ።

ቀኑ ደረሰ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ የጭዱን ብናኝ እያነሣ ሜዳውን አልብሶታል። ከተማው ሁሉ መጥቷል፤ የቀረ ቢኖር የታመመና የታሰረ ነው። ብርቱካን ቀድማ ወጣች። እናቷ አጥሩ ጋ ቆመው ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎስጉሰውት ነበር። ልጅቱ አምስተኛው ላይ ጉልበቷን ትንሽ አጠፈች፣ መጨረሻ ላይ አንድ እርምጃ ተራመደች። የመሐሉ ሦስት ዳኞች ስምንት ነጥብ አምስት፣ ስምንት ነጥብ አምስት፣ ስምንት ነጥብ አምስት። ድምር ሃያ አምስት ነጥብ አምስት።

ተራዬ ሆነ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እግሬ እግሬን ይዞታል። ሰባተኛው ላይ አየር ላይ ተገለበጥሁ፤ የሚታየኝ ቀይ ጨርቅ፣ ሰማይ፣ ቀይ ጨርቅ። አሥረኛው ላይ መሐል ለመሐል አረፍሁ። ጎማው ተንቀጠቀጠ፣ እኔ አልተንቀጠቀጥሁም። እግዚኦ። ጣና ታየኝ። እግዚኦ።

በዚህ መሐል አያቴን አስነጠሳቸው።

ጭዱ ነው። የአያቴ ማስነጠስ ደግሞ እንደ ሌላ ሰው ማስነጠስ አይደለም፤ የቤታችን ድመት ሁለት ቀን ጠፍታ የምትመጣበት ዓይነት ነው። እኔም ሦስተኛውን እግዚኦ ትቼ፣ ወገቤን ሰበር አድርጌ፣ እንደተማርሁት «ይማርዎ አባባ!» አልሁ።

አልጋው አንድ እርምጃ ወደ ፊት ወሰደኝ። ከዚያ አንድ እርምጃ ወደ ጎን።

ሜዳው ሁሉ ይስቅ ጀመር። እትዬ አበቡ ተነሥተው «የጨዋ ልጅ! አሥራ አንድ ይጻፍለት!» አሉ። ቲቸር ከአሥር በላይ የለም ብሎ አስቀመጣቸው። ሰሌዳዎቹ ተነሡ። እትዬ አበቡ አሥር፣ አያቴ ስምንት ነጥብ አንድ፤ ሁለቱ ተሰረዙ። ሁለቱ መምህራን ስምንት ነጥብ ስድስት፣ ስምንት ነጥብ ስድስት፤ አያ ደሴ ስምንት ነጥብ አምስት። ቲቸር ደመረ፣ ደግሞ ደመረ።

«ሃያ አምስት ነጥብ ሰባት!»

በሁለት አሥረኛ በለጥሁ። ለንቅናቄዬም ተቀንሶ! ልጆቹ ጠርሙስ ወደ ላይ ወረወሩ። እኔ አልጋው ላይ ዘለልሁ፤ ያ ዝላይ ቢቆጠር ኖሮ አሥር ከአሥር ነበር። የብርቱካን እናት ነጠላቸውን ከአፋቸው አወጡና ቅርጫታቸውን ፈለጉ።

ያን ጊዜ አያቴ መቋሚያቸውን አነሡ።

«ሳሙኤል፣ የራሱ ሰው ቢያናግረው የሚለው ሕግ የት ደረሰ?»

ቲቸር ደብተሩን አየ፣ አያቴን አየ። «መሪጌታ፣ ማን አናገረው?»

«እኔ አስነጠስሁ። ይማርዎ አለኝ። ተነጋግረናል።»

«ማስነጠስ እኮ... ንግግር አይደለም።»

«መልስ ካገኘ ንግግር ነው። ሦስት ሰከንዱ አልቆ ነበር?»

«አላለቀም።»

«እኔ ለእሱ ማን ነኝ?»

«አያቱ ነዎት።»

«እንግዲያ ቀንስ።»

ቲቸር ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እኔ ግን አጠገቡ ስለነበርሁ ሰማሁት። «መሪጌታ፣ የእርስዎ ነጥብ አስቀድሞ ተሰርዟል። ባይናገሩ ማንም አያስተውልም።»

«ነጥቤ ይሰረዝ። ሕጉ አይሰረዝም» አሉ አያቴ። ቀጥለውም በመቋሚያቸው ወደ አጥሩ አመለከቱ። «ያቺ ሴት ለልጇ እኔን ብላ ስትጮኽ ቀንሼባታለሁ።»

ቲቸር ቀነሰ። ሃያ አምስት ነጥብ አራት። ብርቱካን በአንድ አሥረኛ በለጠችኝ።

ከአልጋው ስወርድ ዓይኔ ምንም አያይም ነበር፤ የጭድ ብናኝ ነው ብያለሁ፣ ዛሬም ያንኑ ነው የምለው። ማዳበሪያው አደናቀፈኝና በጉልበቴ ወደቅሁ። አንዲት ሴት ብብቴን ይዘው አነሡኝ። «እኔን» አሉኝ ቀስ ብለው። ድንች ድንች ይሸታሉ። ጨዋታው አልቆ ስለነበር አይቀነስም።

ከአያቴ ጋር አልተነጋገርሁም። ቤት እስክንደርስ እሳቸው ከፊት እኔ ከኋላ ነን፤ በበነጋታውም፣ ከዚያ ወዲያም እንዲሁ። ውኃ ሲጠይቁኝ አምጥቼ አስቀምጥና ዘወር እላለሁ። ቅዳሜ መጥቶ ሄደ። እናቴ ቅቤውን ለማን እንደምታበዛ ግራ ገብቷት ለሁለታችንም አበዛች።

ብርቱካን ከባሕር ዳር አራተኛ ወጥታ ተመለሰች። በመጣች ማግስት ቤታችን ድረስ መጥታ በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ ጠርሙስ ሰጠችኝ። ከእኔ ጠርሙሶች አንዱ ነው።

«ቅመሰው» አለች። «እኔ አልነግርህም።»

ቀመስሁት። ጨው የለውም። አሥራ ሰባት ልጅ ፊት መቆሜን እያሰብሁ ደጃፍ ተቀመጥሁ። አያቴ መደባቸው ላይ ሆነው እጃቸውን ዘረጉ፤ ጠርሙሱን ሰጠኋቸው። ተጎነጩ፣ በአፋቸው ውስጥ አዟዟሩት።

«ጭቃ ጭቃ ይላል» አሉ። «ሰባት ነጥብ ስምንት።»

እንዳልስቅ ጉንጬን ነከስሁ። ግን ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ አፌ ተከፍቷልና ውስጤ ያደረውን ጠየቅኋቸው።

«አባባ፣ ያን ቀን ሲያስነጥስዎት ዝም ብዬ ቆሜ ቢሆን ኖሮ ባሕር ዳር እሄድ ነበር?»

«ዝም ብትል መልስ የለ፣ ንግግር የለ። ምኑ ይቀነሳል? ትሄድ ነበር።»

«ታዲያ!»

«ታዲያማ ሄደህ ጣናንም ታይ ነበር» አሉ አያቴ፤ ከውኃውም አንድ ጊዜ ደገሙ። «ስትመለስ ግን እዚህ ደጃፍ ላይ ቆሜ አሥሩንም እቀንስብህ ነበር።»